በተራዬ ተኝቼ ነበር

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ደህና ነህ ወይ ብዬ መጀመር ስለማልችል የቤቱን ወሬ ላስቀድምልህ። ልጃችን ሜሮን ጓዟን ጠቅልላ ተመልሳ ከእኔ ጋር ነች። ሥራዋ ፋርመርስ ብራንች ስለሆነ ከቤታችን ከሜስኪት በየቀኑ ትመላለሳለች፤ «ሃይዌዩ ገደለኝ» ትላለች፣ ግን ብቻዬን ላለመተው ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የሆስፒታሉን ሥራ በሳምንት ወደ ሦስት ቀን ቀንሻለሁ። ልብስህን ሰጥቻለሁ። በጨው የነጣውን ሰማያዊ ጃኬትህን ግን እኔው እለብሰዋለሁ፤ እጅጌው ይረዝመኛል።

የምጽፍልህ ስለ ባሕሩ ነው።

ሪታየር ባደረግክበት ዓመት ከፍሎሪዳ ተነስተን ውቅያኖሱን አቋርጠን አዞርስ ደሴቶች እስክንደርስ ሃያ ስድስት ቀን ፈጀብን። ሰው ሁሉ ስለ ማዕበሉ ይጠይቀኛል። እኔ ትዝ የሚለኝ የቤት ሥራው ነው። ዘጠኝ ሜትር በማትሞላ የሸራ ጀልባ ላይ ሦስት ሦስት ሰዓት እየተፈራረቅን ባሕሩን ስንጠብቅ፣ አንዳችን ሲነሳ ሌላው የሞቀው ፍራሽ ላይ ሲወድቅ። ድስቱን ምድጃው ላይ በሽቦ አስሬ ሽሮ ስሠራ። ሳህን በባሕር ውሃ አጥበን በአንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ስናለቀልቅ። ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እያገላበጥን የበሰበሰውን ስንጥል። አንድ ቀን ዝናብ መጣ ብዬ ፀጉሬን አረፋ በአረፋ ካደረግኩት በኋላ ዝናቡ ቀጥ አለ፤ ሆድህን ይዘህ ሳቅክብኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ያን ያህል አብረን ውለን አናውቅም። አንተ የኤርፖርቱ ሺፍት፣ እኔ የሆስፒታሉ፤ በር ላይ ነበር የምንተላለፈው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ተራው የእኔ ነበር። መርከብ ሲቀርብ የምትጮኸው መሣሪያ ተበላሽታብን ዓይናችን ብቻ ቀርቶናል። አንተ ታች ተኝተሃል። ፀሐዩ ሞቀ፣ ንፋሱ ለዘብ አለ፣ እኔም ጥቅል ገመድ ላይ ጉንጬን ጣል አደረግኩ። ስባንን ፎቅ የሚያህል የዕቃ መርከብ አጠገባችን እያለፈ ነው። መሪውን ለመያዝ እንኳ አልደረስኩም፤ አለፈ። ያስነሳው ሞገድ ጀልባዋን አንገላታት፣ ታች ብርጭቆ ተሰበረ፣ አንተም ብቅ አልክ።

«ምን ሆነ?»

«መርከብ ነው። ከሩቅ አይቼው ነበር።»

ዋሸሁህ። የሚርቀውን መርከብ አየኸው፣ ወደ እኔ ዞረህ ጥቂት አየኸኝ፣ «ጎበዝ» ብለህ ወረድክ።

ከተመለስን በኋላ ደግሞ በየግብዣው፣ በየኅብረቱ መተረክ ጀመርክ። «የእሷ ዓይን ባይኖር አልቀን ነበር፤ እኔማ በእሷ ተማምኜ ለጥ ብዬ ነው የተኛሁት» ትላለህ። አንገቴን ስደፋ ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ሆስፒታል ሳለህ ልነግርህ ሁለት ጊዜ እጅህን ያዝኩ። ድካምህን እያየሁ ተውኩት።

ባለፈው ወር የሥራ ባልደረባህ ሰለሞን የመፍቻዎችህን ሣጥን ሊወስድ መጣ። ሻይ ሰጥቼው ስንጨዋወት አላስቻለኝም፣ ሁሉንም ነገርኩት። የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠና «አልማዝ፣ ታዴ እኮ ያውቅ ነበር፤ ራሱ ነግሮኛል» አለኝ። «ማለቴ፣ ያኔ ብቅ ሲል ጉንጭሽ ላይ የገመዱ ምልክት ነበር። ሶ፣ ከዚያ ቀን በኋላ በአንቺ ተራ የእጅ ሰዓቱን አላርም በየሃያ ደቂቃው ይሞላ ነበር፤ ድምፅ የሌለውን፣ የሚነዝረውን። ይነሳና በመስኮቱ ባሕሩን ቼክ አድርጎ ይተኛል።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹ብነግራት ሁለተኛ ብቻዋን አትቀመጥም፤ ታዲያ በምን እንሻገራለን?› አለኝ።»

መጀመሪያ ተናደድኩብህ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥተህ፣ ዓይንህ ደም ለብሶ፣ «ጨው ነው» ስትለኝ እኔ ነርሷ አመንኩህ። ያን ሁሉ ምስጋናስ በሰው ፊት ስታወርድብኝ ትሸፍንልኝ ነበር ወይስ ትቀልድብኝ? አንዳንድ ቀን ይሄ፣ አንዳንድ ቀን ያ ይመስለኛል። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ቁጣ ብቆጣህ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ምሳ ላይ፣ ሴቶቹ አዲስ ለመጡት የባሕሩን ታሪክ ንገሪልን አሉኝ። ተነሳሁ። የሽንኩርቱን፣ የዝናቡን ነገርኳቸው፣ ሳቁ። መርከቡ ላይ ስደርስ «ተኝቼ ነበር» አልኩ። መተኛቴን ሰምታ የማታውቀው ሜሮን ከኋላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሶ፣ ማን ነበር የሚጠብቀው?» አለችኝ።

«ከዚያ ቀን በኋላ አባትሽ» አልኳት።

በሕይወት እስካለሁ ድረስ ታሪኩን እንደሆነው እናገረዋለሁ፣ ታዴዬ። የእኔን እንቅልፍ አልደብቅም፤ ያንተንም ንቃት አላስረሳም።

ባለቤትህ አልማዝ