ካሴቱ ላይ ያልነበረው መጨረሻ

ዲላ፣ ሚያዝያ 2003 ዓ.ም.

ውድ ሀዲጃ፣

ሰላምታዬ ሐዋሳ ድረስ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ብቀር ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ታውቂኛለሽ።

ያ የሁለቱ እህትማማቾች የህንድ ፊልም ትዝ ይልሻል? በዘጠና አምስት ከቪዲዮ ቤትሽ የተከራየሁት። የቅጂ ቅጂ! የተዋናይቷ ፊት አረንጓዴ፣ ዘፈኑ እየተንቀጠቀጠ፣ የስክሪኑን እኩሌታ የዓረብኛ ጽሑፍ ይዞት። ይሁን ብዬ ሁለት ሰዓት ተኩል አለቀስኩ። ታላቅየዋ ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ የታናሿን በር ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ስክሪኑ በነጭ ነጠብጣብ ዘነበ። ዝናቡ ሲያባራ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ! ሙሽራው ኬክ ይቆርሳል።

ካሴቱን ይዤ በንዴት መጣሁብሽ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በሩ ተከፈተ አልተከፈተም?»

«ቁጭ በይ፣ እነግርሻለሁ» አልሽኝ፣ ማጫወቻውን በጥጥና በኮሎኝ እየጠረግሽ።

የቤትሽ ደንብ ነበር፤ ካሴቱ የቆረጠውን አንቺ በአፍሽ ትቀጥይዋለሽ። ቁርአን ቤት ስለተማርሽ ከታች ያለውን ዓረብኛ አንብበሽ ነው ብለን ሁላችንም አምነናል።

«ታናሿ ከውስጥ ሆና ስትጠብቃት ነበር» አልሽኝ። «መቀርቀሪያውን ከጠዋት ጀምሮ አንስታዋለች። ያቺ ሞኝ ውጭ ቆማ ታለቅሳለች እንጂ በሩስ ክፍት ነው።»

እኔና እህቴ ሀሌሉያ በሠርጓ ሰበብ ከተኳረፍን ሁለት ዓመት እንደሆነን ዲላ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። በማግስቱ ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በእግሬ እሷ ያገባችበት ኮንጋ ገጠር። በሯን ገፋ ሳደርገው ክፍት ነው! ለካ ቡና ልታሰጣ ወጣ ብላለች። ስትመለስ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። «ማን አስገባሽ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላማ ተላቀስን።

ባለፈው ሳምንት ሀሌሉያ ያንኑ ፊልም በዲቪዲ አገኘች፤ ሙሉውን፣ ጥርት ያለ። አብረን አየነው። በሩ አይከፈትም፣ ሀዲጃ! ታላቅየዋ አንኳኩታ አንኳኩታ ባቡር ተሳፍራ ትሄዳለች። አለቀ። ተያየን። «እንኳን ተቆረጠ» አለች ሀሌሉያ።

እኔ መቼም አርፌ አልቀመጥም። ያኔ ካሴቱን የተከራየችውን ጎረቤቴን ሸዋአለምን ጠየቅኋት። «ለእኔማ ታናሿ በጓሮ በር ወጥታ ኮሌጅ ገባች ነው ያለችኝ» አለች። ያን ጊዜ ሸዋአለምን ባሏ አትማሪም ብሎ ይዟት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ዛሬ አስተማሪ ናት።

ቀጥዬ ወንድምሽ ሙሐሲን ጋ ሄድኩ። የሁለታችሁን ቪዲዮ ቤት ሳያማክርሽ ዘግቶ ጫማ መሸጫ ካደረገው፣ አንቺም ተቀይመሽ ከተማውን ከለቀቅሽ ወዲህ ስምሽን ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም።

«ዓረብኛ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ፊደሉን ትቆጥራለች እንጂ ምን እንደሚል የት ታውቃለች! ካሴቱም ከአዲስ አበባ የመጣው ተቆርጦ ነው። መጨረሻውን በዓይኗ አላየችውም።»

«ለአንቺ ምን ብላ ነገረችሽ?» አለኝ።

ነገርኩት። ጫማውን ካርቶኑ ውስጥ ያስገባል፣ ያወጣል፣ መልሶ ያስገባል።

«ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር ነግራኝ አታውቅም» አለ።

«ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ካርቶኑን ከድኖ ወደ ጎን ገፋው።

እስቲ ንገሪኝ፣ ሀዲጃ። ያላየሽውን መጨረሻ ለየሰዉ በልኩ ከየት ታመጪው ነበር? ስንመጣ ፊታችንን ታዪ ነበር? ወይስ ዝም ብለሽ ከአፍሽ የወጣውን ነው? እውነቱን ካላወቅሁ አልድንም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። ያመጣልሽ ሙሐሲን ነው። «በበሩ ሥር አሾልክላት፤ እንዳታንኳኳ» ብዬዋለሁ። አሁን አንቺ ስታነቢ እሱ ውጭ ቆሟል።

ካሴቱን እዚህ ላይ ቆርጬዋለሁ። የቀረውን አንቺ ታውቂበታለሽ።

ነዝናዛዋ ደንበኛሽ፣
ኤልቤቴል