ያንተን መጽሐፍ አልመረጥኩትም

ተፌ የኔ ጌታ፣

ወንዙ ከወሰደህ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እኔ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ገብቼ ታይፕ እመታለሁ። አላለቅስም። ሰው በረታች ይለኛል፤ መበርታት ይሁን ሌላ፣ እኔም አላውቀው።

ጣራችን ማፍሰስ ጀምሮ ኦቦ ገመቹ መጥተው ደፈኑልኝ። ልጆቻቸውን ከጎርፉ አውጥተህላቸው አንተ የቀረህባቸው ናቸውና ዓይኔን አያዩኝም።

የምጽፍልህ ስለ መጽሐፉ ነው። ባለፈው ወር የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ጠሩኝና፣ "በባልሽ ቦታ ለገባው አዲስ ቀያሽ አንድ መጽሐፍ ብቻ ተፈቅዷል። ተፈራ የቱን ይመኝ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ሄደሽ ምረጪ" አሉኝ። ፒያሳ፣ ወደምታውቀው መጻሕፍት ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ሁለት አወጣልኝ። አንዱ ስለ ከተማ ፕላን የሚያስተምረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆመህ ታገላብጠው የነበረው ነው። "ሰበታን እንዲህ ነው የማደርጋት" እያልክ አደባባዩን በጣትህ ጠረጴዛ ላይ ትስልልኝ ነበር። ሌላው ቀጭን ነው፤ ሥዕልም የለው። ከተማ ጎርፍንና የመሬት መንቀጥቀጥን እንዴት እንደሚቋቋም ይናገራል። በዚያችው በተማሪ ቤት እንግሊዝኛዬ አንድ ገጽ አነበብኩ። ውሃ ደርሶበት የሚያውቅ መሬት ላይ ቤት አይሠራ ይላል።

የወንዙን ዳር ሰፈር ያሰመርከው አንተ ነህ፣ ተፌ። የኦቦ ገመቹንም ቦታ የለካኸው አንተ ነህ።

ቀጭኑን መረጥኩ። ሲጠቀልልኝ ምንም አልተሰማኝም። አውቶቡስ ውስጥ ብቻ፣ ከዳሁት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

አዲሱ ቀያሽ አንብቦ ሲጨርስ ካርታህ ላይ በቀይ እርሳስ ሌላ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ በታች ያሉ ቤቶች ወደ ዳገቱ እንዲነሱ ታዘዘ። ደብዳቤውን ታይፕ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ገመቹ ወረቀታቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

"እሱ ለክቶ የሰጠኝን ቦታ ልልቀቅ?"

"ይልቀቁ" አልኳቸው። "እዚያ መስጠት እንዳልነበረበት እሱም አውቆት ነበር። ያን ቀን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሮጠው ለዚህ ነው።"

ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ "ቶሌ" አሉኝ፣ እሺ ማለታቸው ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ቀና ብለው አዩኝ። በማግስቱ ቤታቸውን ማፍረስ ጀመሩ።

ሰው ደግነትህን ያነሳልሃል። እኔ ግን የማስታውስህ እንደነበርክ፣ ከነስህተትህ ነው። በሕይወት እስካለሁ አንተን ከዚያ አላሳንስህም፤ ከዚያም አላስበልጥህ።

ባለቤትህ አልማዝ
ሰበታ