ተረከዜን የጠበቁ ሰዎች

መካነ ብርሃን፣ ጃናሞራ
ነሐሴ ፳ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ አልማዝ
ጅማ

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ይህን ዝናብ እንዴት ቻለው? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጤናዬ ሙሉ ነው። ከስቷል የሚልሽ ቢኖር አትመኚው፤ የዚህ አገር ገብስ ሰው አያከሳም። ባንቺአየሁ ደብዳቤውን ስታነብልሽ እየዘለለች እንዳይሆን አደራ። አውቃታለሁ፣ የሚያስለቅስ ነገር ሲመጣ ታልፈዋለች። እህቴ ሆይ፣ ይህን ግን ሁሉንም አንብቢላት።

መንፈሳዊ ትምህርት ቤታችን ለክረምቱ አገልግሎት ሲመድበን ጓደኞቼ ናዝሬትና ደብረ ዘይት ደረሳቸው፤ ለእኔ ጃናሞራ። የት እንደሆነ የሚያውቅ በክፍላችን አልተገኘም። እስከ ጎንደር በአውቶቡስ፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ በእህል መጫኛ ማኪና መጣሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። ደባርቅ ላይ አያ አብዱልጀሊል ከሚባሉ የጎንደር ነጋዴ ጋር አገናኙኝ፤ ጨውና አቡጀዴ በበቅሎ ጭነው ወደዚህ የሚዘልቁ ሰው ናቸው። ገና ስንነሣ አንዷን በቅሎ እንድቀመጥ ለመኑኝ። እኔ ደግሞ ጎረምሳ ነኝና፣ አንቺ በገዛሽልኝ አዲስ ጫማ በእግሬ እሄዳለሁ አልኩ። በማግስቱ ተረከዜ ተልጦ ደም በደም ሆነ። አያ አብዱልጀሊል አይተው፣ «ትናንት በቅሎዋ ለምናህ እንቢ አልክ፤ ዛሬ አንተ ትለምናታለህ» ብለው ሳቁብኝና አንሥተው አስቀመጡኝ። ስንቃችን ለየብቻ ነበር፤ ማታ የምንሞቀው እሳት ግን አንድ ነው። የራሳቸውን ብርድ ልብስ ለእኔ አልብሰው ኮርቻ ተንተርሰው ያደሩ ሰው ናቸው። በጸሎትሽ አስቢያቸው።

የተላክሁበት ኪዳነ ምሕረት ከከተማው በላይ ካለው ጉብታ ላይ ናት። አስተዳዳሪው ቄስ ሐብተ ማርያም ከደጅ ተቀበሉኝ። እኔ ሰኔን ሙሉ ያዘጋጀሁትን ስብከት በቦርሳዬ ይዤ፣ ስለ ትምህርቴ እስኪጠይቁኝ እጠብቃለሁ። እሳቸው የጠየቁኝ ዲያቆን መሆኔንና ክህነቴ አለመፍረሱን ብቻ ነው። አዎ ስላቸው አማትበው አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። ወዲያው ዓይናቸው ወደ እግሬ ወረደ፤ የካልሲዬን ደም ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

ነገሩ የገባኝ ውዬ አድሬ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ቅዳሴ ያለ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን አይቀደስም። እዚህ የቀሩት ሁለት ቄስና ሁለት ዲያቆን ናቸው። ሦስተኛው ክንዱ የሚባል የቄስ ሐብተ ማርያም አማች ነበር። በግንቦት እህል ሊሸምት ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ፤ ከተኛበት ሳይነሣ አረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሴው ታጎለ። ሚስቱ አበቡ በሰኔ ወንድ ልጅ ወለደች። እኔ ስደርስ ልጁ አርባ ቀኑን ሊደፍን ነው፤ ያለ ቅዳሴ ግን ክርስትና አይነሣም። ሌላ አጥቢያ እንዳይወስዱት ወንዙ ሞልቷል፤ ጨቅላ ይዞ አይሻገሩትም። በዚያ ላይ ልጁ ያስላል፣ ጡትም አልጠባ ብሏል። አበቡ ሳይጠመቅ ይሞትብኛል እያለች ሌት ተቀን ከደረቷ አታወርደውም። እኔ ያረፍኩት ከእነርሱው ቤት ስለሆነ ሳሉ ለእኔም ይሰማኛል።

ደም የሚፈሰው ሰው ደግሞ መቅደስ አይገባም። እንግዲህ አስቢው እማዬ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ተስፋ በእኔ ተረከዝ ላይ ሆነ። አንዷ ማር ይዛ ትመጣለች፤ አንዷ የለም ለጋ ቅቤ ነው ትላለች፤ ሌላዋ ጨው ያለበት ለብ ያለ ውኃ ይዛ ሁለቱንም ትቆጣለች። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ እንዴት አደርክ መባባሉን ትቶ፣ ተረከዙ እንዴት አደረ ይባባል ጀመር። እሑድ እሑድ ደጀ ሰላም ቁጭ ብዬ ስሰብክ በዝምታ ያዳምጡኛል፤ ዓይናቸው ግን ከእግሬ አይነሣም። ስለ ፍቅር ያዘጋጀሁትን ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ተጠግተው ቁስሉ ያሳክክህ እንደሆነ እየዳነ ነው አሉኝ።

እውነትም ዳነ። ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ቀን ሊቀደስ ተባለ፤ ሰው ሁሉ ነጠላውን አጠበ። በዋዜማው ገላዬን ልታጠብ ወደ ምንጭ ስወርድ ጭቃው አዳለጠኝና ተረከዜ ድንጋይ መታ። ቅርፊቱ ተነሣ፤ ደም መጣ። ያየኝ ሰው የለም። እማዬ፣ አልዋሽሽም፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ዝም ልል አስቤ ነበር። ያን ልጅ ስለማስበው ነው። ምንጩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ እያነከስኩ ወጥቼ ለቄስ ሐብተ ማርያም ነገርኳቸው፤ ልደብቀው ማሰቤን ጭምር። የገዛ የልጅ ልጃቸው ነው፤ ግን አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። እኔም ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

አበቡ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሯል። ልጇን እንደታቀፈች ወጣች።

«ምነው አንገትህን ደፋህ?» አለችኝ። «ልጄ በውሸት ከሚጠመቅ ቁስልህ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። አባቱም አንድ ቀን ቁስል ሸፍኖ መቅደስ ገብቶ አያውቅም።»

ይህን ብላ እግሬን አጥባ ማሩን ቀባችልኝ። እኔ ግን አለቀስኩ። ባንቺአየሁ፣ ይህን እንዳትዘልይው ብዬሻለሁ።

ከዚያ ወዲያ መራመድ ተከለከልኩ። ምግብ በመኝታዬ፣ ውኃ በመኝታዬ፤ እንደ አራስ ተጦርኩ። የልጁ ሳል አንዳንድ ቀን ይብሳል፣ አንዳንድ ቀን ይሻለዋል፤ ሁላችንም ትንፋሹን ስንቆጥር ሰነበትን። በፍልሰታ ሁለተኛው እሑድ ገና ጎሕ ሳይቀድ አራት ገበሬዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ። ይህማ የበሽተኛ ነው፣ ቁስሌ ደርቋል፣ በእግሬ እሄዳለሁ ብል ማን ሰምቶኝ። ነጋ የሚባለው፣ «ጭቃው ጥሎህ ብትደማ ማን ይቀድስልናል? ተኛ» ብሎ ተቆጣኝ። እኔ ልጅሽ እዚህ አገር የመጀመሪያ ቅዳሴዬን ልቀድስ የገባሁት በቃሬዛ ተይዤ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አይቻለሁ፤ አልተቀየምኳቸውም።

የለበስኩት የክንዱን ልብሰ ተክህኖ ነው። አበቡ አጥባ አጥና አቆይታው ነበር፤ እጅጌው አጠረኝ። ልጁ ውኃው ሲነካው እንዴት ያለ ጩኸት ጮኸ መሰለሽ። ያ ትንፋሽ የሌለው ልጅ! ሰው ሁሉ እልል አለ። ስሙን ወልደ ዮሐንስ አሉት፤ ነጋ ክርስትና አነሣው። ሲቆርብ ክቡር ደሙን በእርፈ መስቀሉ ማንኪያ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ዋጠ፤ እናቱ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። ከዚያ እሑድ ጀምሮ እስከ ፍልሰታ ፍቺ ቅዳሴው አንድ ቀን አልታጎለም። ልጁ አሁን ጡት ይጠባል፣ ሳሉም ለቆታል። እግዚአብሔር ይመስገን።

እማዬ፣ በልጅነቴ እጄን ይዘሽ ለዲቁና ጳጳሱ ዘንድ የወሰድሽኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ፀሐዩ ጠንቶብኝ እያለቀስኩ ነበር፤ አንቺ ግን ሰልፉን አልለቀቅሽም። አባባ ሲሞት ቤት የሚደግፍ የመንግሥት ሥራ ያዝ ያልሽኝም ለእኔው ብለሽ ነው። ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ያን ቀን ሰልፉን ባትጠብቂ ኖሮ እዚህ አገር ለማንም አልጠቅምም ነበር። ይህን በአፌ ነግሬሽ ስለማላውቅ በጽሑፍ ይሁንልሽ።

ትናንት ከቄስ ሐብተ ማርያም ጋር በር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ መስከረም ሲጠባ ወንዙ ይጎድላል፣ ለመንገድህ ሸጋ ይሆናል አሉኝ። ሁለቱ ዲያቆናትም እዚያው ነበሩ፤ እኔ ከሄድኩ እንደገና ሁለት ብቻ ናቸው። እኔም ዝናቡን ሳይ ቆየሁ።

ለአጎቴ ለጋሼ በላቸው እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ፍርድ ቤት ያስያዘልኝን የጸሐፊነት ቦታ አልረሳሁም፤ ውለታው አለብኝ። ለእርሱም ለብቻው እጽፋለሁ። ደብዳቤውን አያ አብዱልጀሊል ሲመለሱ ጎንደር ፖስታ ቤት ያስገቡልኛል።

የኪዳነ ምሕረት ረድኤት ከቤታችን አይለይ። ጉልበትሽን ታጥናልሽ፤ ባንቺአየሁን ለወግ ለማዕረግ ታብቃልሽ፤ እኔንም ከምርቃትሽ አታጉድይኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ የአባባን በርኖስ ከሳጥኑ አውጥተሽ አናፍሰሽ ላኪልኝ። እዚህ ውርጩ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው ይላሉ።

የምትወጂው ልጅሽ
ዲያቆን ሐዲስ