ከራቱ ራስ በላይ

ይድረስ ለአባዬ ለጆኔታኒ። እንዴት ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ከዝናቡ ጋር እንዴት ነው? የእማዬ ሳል ለቀቃት? የአክስቴ የሊቲያ ዓይንስ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። በሌላው ግን ደህና አይደለሁም፤ አፍሬያለሁ፣ አባዬ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከኦክላንድ ወደዚህ ወደ ናንዲ ስንበር የመንደራችን አለቃ ራቱ ኢሊሶኒ ከተሳፋሪዎቼ መካከል ነበሩ። እኔ ወዲያው አወቅኋቸው። እሳቸው ግን በልጅነቴ ከመንደር የወጣሁትን፣ ያውም በዚህ ዩኒፎርምና በዚህ ሁሉ ኩል፣ ምን ብለው ይወቁኝ! ሻይ እየቀዳሁ ሳለ ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ብርድ ገባ፣ የኦክስጅን ጭምብሎቹም ከጣሪያው ዱብ ዱብ አሉ። የአውሮፕላኑ አየር እየሾለከ ነበር። ካፒቴኑ ቁልቁል ይዞን ወረደ።

ሥራዬን ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝም አልስተውም፤ መጀመሪያ ለራስሽ አጥልቂ፣ ከዚያ ለሰው ነው። ራቱ ግን ጭምብሉ ፊታቸው ተንጠልጥሎ ዝም ብለው ያዩታል። ላጠልቅላቸው እጄን ስዘረጋ ያንተ ድምፅ መጣብኝ፦ «ከአለቃ ራስ በላይ እጅ አይነሣም፣ አንቺ ልጅ!» እጄ ደረቀ። ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ለራሴ እንኳ ሳላጠልቅ መተላለፊያው ላይ እንደ አገራችን ደንብ ቁጢጥ ብዬ አጨበጨብኩና «ቲሎ፣ ራቱ» እያልኩ ፈቃድ መለመን ጀመርኩ። አየር በሌለበት!

ከዚያ ሳቄ አመለጠኝ። የአየር እጥረት መጀመሪያ ሰውን እንደሚያስቅ በሥልጠና ተምሬያለሁ፤ እኔ ግን አለቃዬ ፊት ላይ ነው የገለፈጥኩት። ወዲያው ጉልበቴ ከዳኝ። ራቱ ራሴን ጭናቸው ላይ ጎትተው ጭምብላቸውን ለእኔ አጠለቁልኝ። ለራሳቸው ትርፉን ጭምብል የሳቡት ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ ሸሚዛቸው በእኔ የአፍንጫ ደም ተበላሸ።

ዝቅ ብለን አየሩ ሲመለስ «ራሴን ፈርተሽ ነው እንዴ? የሞተ ራስ ለማን ሊሆን ነው፣ አንቺ ሞኝ!» ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አባዬ፣ ያንተን ስም አልጠራሁም። የቃል አቀባያቸው የአንተ ልጅ እንዲህ ሆነች እንዳይባል «የላው ደሴቶች ሰው ነኝ» ብዬ ዋሸሁ። ለሳቁ አየር አጥሮኝ ነው እላለሁ። ይህንን ግን ደህና እየተነፈስኩ ነው ያደረግሁት።

ራቱ በሚመጣው ጀልባ ወደ መንደር ይመለሳሉ። ያንጎና እየጠጣችሁ ስለዚያች የላው ልጅ ሲያወሩ መንደሩ በሳቅ መፍረሱ አይቀርም። አንተም ከጎናቸው ተቀምጠህ አብረህ ትስቃለህ። ለገና ነይ ብለኸኛል፤ በምን ዓይኔ ልያችሁ?

እማዬን ሳምልኝ። አክስቴ ሊቲያን፣ ወንድሜን አፒሳይን፣ ሚስቱንም፣ ገና ያላየኋትን ሕፃኗንም ሰላም በልልኝ። ለራቱም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ከማን ነው ካሉህ፣ «ከልጄ ነው፤ ያቺ የላው ልጅ እሷ ናት» በላቸው።

ኬሌራ
ናንዲ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2011