ለቁራው የተቀመጠ ሩዝ

ፔራክ፣ ማሌዢያ

ውድ ልጄ ሙጊላን፣

እጄ ለጽሕፈት ሰነፍ መሆኑን ታውቃለህ። የዛሬውን ግን ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም።

የፓርቲውን ባንዲራ በሞተር ሳይክል ጭነህ በዝናብ ወጥተህ ሬሳህ ከተመለሰ ወዲህ ከበራችን ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ሊያጽናናኝ ይመጣል፤ የሚበዛው ግን ቃልህን ሊጠይቀኝ ነው። መንገድ ሊወጣበት የታሰበው የእናት አምላካችን የማሪያማን ቤተ መቅደስ እንደማይፈርስ፣ የፓርቲው ዕጩ ሐጂ ሪዝዋን ከተመረጡ እንደሚያስቆሙት የነገርካቸው አንተ ነህ።

የእስልምና ፓርቲ ለእኛ ለሂንዱዎችም ይሆናል ስትል አጎትህ ፔሩማል የሳቀብህን አልረሳሁም።

«ቀጥሎ ደግሞ ሰልመህ ለግርዛትህ ልትጠራን ነው?»

«አይዞህ አጎቴ፣ ከጎኔ ላንተም ቦታ ይዤልሃለሁ» አልከው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ነው ሰፈሩ ባንዲራህን በየበሩ የሰቀለው። ፓርቲውን አምኖ አይደለም፤ አንተን አምኖ ነው።

ሐጂ ለለቅሶ መጡ። አለቀሱልህ፤ ለይምሰል አልነበረም። ሊወጡ ሲሉ፣ «ስለ ቤተ መቅደሱ ለልጄ የሰጡትን ቃል አደራ» አልኳቸው።

መሬት መሬት አዩ። «እህቴ፣ ሙጊላን ይህን አንስቶልኝ አያውቅም። ቢያነሳልኝም የራሴ ሰዎች እሺ አይሉኝም ነበር።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እሳቸው ዋሽተው ከሆነ የሞትከው ለማን ነው? አንተ ሳትጠይቅ ነግረኸን ከሆነስ፣ ውሸታም ነበር ብዬ ሁለተኛ እንዴት ልግደልህ?

ዛሬ የአሥራ ስድስተኛ ቀን መታሰቢያህን አወጣን። ሩዙን በሙዝ ቅጠል አድርጌ ለቁራው አጥሩ ላይ አኖርኩት። ቁራው መጥቶ ጣራው ላይ ቆመ፤ አልወረደም። ሟች ቁራ ሆኖ ሊበላ እንደሚመጣ፣ የቀረበት ነገር ካለ ግን እንደማይበላ ሁላችንም እናውቃለን። አጎትህ፣ ያ ቀልደኛ፣ እጁን አጣምሮ፣ «ልጄ፣ ቀልዴን ይቅር በለኝና ብላ» አለው። ጎረቤታችን አንተ የምትወደውን ጣፋጭ ጨመረችበት። አልወረደም።

ያኔ ገባኝ። «ያልጠየቅኸውን እኔ እጠይቅልሃለሁ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማኝ። አንድ ሰው ሳይሰናበተኝ ወጥቶ ባንዲራህን ከራሱ በር ሲያወርድ አየሁት።

ምርጫው ነገ ነው። አሁን ሐጂ ቤት ሄጄ ደጃፋቸው ላይ እቀመጣለሁ። መልስ እስኪሰጡኝ አልነሳም፤ ቢያባርሩኝም አልነሳም።

ሩዙን ከአጥሩ አላነሳሁትም። እኔ እስክመለስ፣ እባክህ ልጄ፣ ትንሽ እንኳ ቅመስ።

እናትህ ቴይቫናይ