የእትዬ ዘነበች ግድግዳና ከፍተኛ ጥራት

ረቡዕ፣ ግንቦት 5 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ቀየት

ዛሬ ጭንቅላቴ ዞሯል። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝን ማጉያና ሁለት ስፒከር ከስልኬ ጋር አገናኘሁ። «ጥራቱን ከፍተኛ ላይ አድርገህ ከኢንተርኔት ስማ፤ ዘፋኙ ቤትህ የገባ ይመስልሃል» ብሎኝ ነበር። መግባቱንስ ገባ፤ ግን አንድ ስንኝ ይልና ጭጭ። ኔትወርኩ አልችል ብሎ ነው ወይስ እኔ ገመዱን አዙሬ ሰክቼው? ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት፤ ያው ነው።

ድምፁን ዝቅ ያደረግኩት ለእትዬ ዘነበች ብዬ ነው። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ የባለቤታቸው አርባ ገና አልወጣም። ለእሳቸው ሲባል በሰፈሩ ሬዲዮ የከፈተ የለም። እኔም መታገስ አቅቶኝ እንጂ ነውሩ ጠፍቶኝ አይደለም።

ማምሻውን በር ተንኳኳ። ጥቁራቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ያ ዘፈን ምነው መጨረሻ የለው? ከግድግዳው ሥር ተቀምጬ አሁን ይቀጥላል፣ አሁን ይቀጥላል ስል ዋልኩ እኮ።»

«እትዬ፣ ሐዘን ላይ ሆነው…»

«እሱስ ልክ ነህ። ግን ሁሉም ለእኔ ብሎ ዝም ሲል ቤቱ ዋጠኝ። ለማንም እንዳትናገር» ብለው ተመለሱ።

ግራ ገባኝ። ብከፍተው ሰፈሩ ምን ይለኛል? ብዘጋውስ እሳቸው?

ወንድሜ ቢሰማ ይስቅብኛል፤ ጥራቱን ዝቅተኛ ላይ አድርጌዋለሁ። ድምፁ ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ግን አይቋረጥባቸውም።