ስሙ ያልተጻፈለት ፊት

ደብረ ታቦር
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለዋልልኝ፣

የጅግጅጋ ነፋስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። የጉና ብርድ ዘንድሮም አልማረንም። እናትህ የእኔን ጋቢ ደርባ የራሷን ለእንግዳ አስቀምጣለች። እንግዳው ማን እንደሆነ ስጠይቃት አትመልስልኝም።

ስልክ ትቼ ወረቀት የያዝኩት ወድጄ አይደለም። ስደውልልህ ስለ ሥራህና ስለ ጤናህ እስካወራን ድረስ ድምፅህ ጥርት ብሎ ይሰማኛል። የውቢትን ስም ሳነሳ ግን ኔትወርኩ ይጠፋል። የሚገርም ኔትወርክ ነው። ወረቀት አይቋረጥም፤ ብትቀደው እንኳ ከመቅደድህ በፊት ዓይንህን ጣል ማድረግህ አይቀርም። ስለዚህ ዕቃ ጭኖ ወደ አንተ ለሚመጣው ለሹፌሩ ለዘመኑ በእጁ ሰጥቼዋለሁ። ዛሬ ሚስትህን እንደ ልቤ ላመስግናት ነው።

ፎቶ ቤታችን አንተ ስትሄድ እንዴት እንደነበር ታስታውሳለህ። ኮምፒውተሩ ውስጥ «አዲስ ፎልደር»፣ በውስጡ ሌላ «አዲስ ፎልደር»፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ክርስትና። አንዱ የባነር ዲዛይን «የመጨረሻ» ይባላል፤ አጠገቡ «የመጨረሻ የመጨረሻ» አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ «ይኼ ነው ዋናው»። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለአንድ ማኅበር የአምናውን ባነር አትመን ሰጠን። ሰዎቹ ሰቅለውት ድግሱን ከጀመሩ በኋላ ነው ያለፈ በዓል እያከበሩ መሆናቸውን ያወቁት።

አንተ ከሄድክ በኋላ ውቢት ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች ብዬ ነበር። አልተመለሰችም። አንድ ጠዋት ልጃችሁን ፍቅርአዲስን ይዛ ፎቶ ቤት መጣችና «አባባ፣ ዝም ብዬ ከምቀመጥ ላግዝዎት» አለችኝ። ለመጥረግ መስሎኝ መጥረጊያው ያለበትን አሳየኋት። ጠረገች። ስትጨርስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ወንበር የእሷ ሆነ።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ደንበኛችን ፎቶና ዲዛይን የሚያደራጅ ፕሮግራም ጫነላት። አጠቃቀሙን በስልኳ ቪዲዮ እያየች ብቻዋን ተማረችው። ፎቶው የት እንዳለ፣ መቼ እንደተነሳ፣ በየትኛው ካሜራ እንደተነሳ ያውቃል። ፊት ከፊትም ይለያል። እኔ ቄሰ ገበዝ ብዬዋለሁ፤ የትኛው ዣንጥላ በየትኛው ሣጥን እንዳለ ሳይፈልግ ሄዶ የሚያወጣ ቄሰ ገበዝ ታውቅ የለ? ግን ፕሮግራሙ ያለ ሰው ምንም አይደለም። በየፎቶው ላይ ሠርጉ የማን እንደሆነ፣ ቦታው ገሳይ ይሁን ይፋግ የምትጽፈው እሷ ናት። ያለቀለት ዲዛይን ላይ አረንጓዴ ምልክት ታደርጋለች፤ አሮጌው ሳይጠፋ ከሥሩ ይቀመጣል። አሁን የአምናውን የሚያትም ሰው በዚህ ቤት የለም።

ባለፈው ሳምንት ዘነበች የምትባል ሴት ከሐሙሲት መጣች። የእናቷ ሙት ዓመት ደርሷል፤ ለባነር የሚሆን ፎቶ ግን የላትም። በእጇ ያለው የእናቷ የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው፤ እሱም ማኅተሙ ግንባራቸው ላይ ያረፈ። ውቢት መታወቂያውን ስካን አድርጋ ለፕሮግራሙ ሰጠችው። ሴትዮዋ ያቀረብንላትን ውኃ ጠጥታ ሳትጨርስ እናቷ ስክሪኑ ላይ ወጡ። ሐሙሲት አንድ ሠርግ ላይ፣ ከሰው መሀል፣ እያጨበጨቡ ይስቃሉ። ዘነበች ብዙ አየቻቸውና «እኔኮ ስትስቅ ረስቻት ነበር» አለች። ውቢት ተነስታ አቀፈቻት። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ፎቶ ሳነሳ ኖሬ ፎቶ ለምን እንደሚቀመጥ በደንብ የገባኝ ያን ቀን ነው። ልጄ፣ እኮራባታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ እባክህ ወረቀቱን አታስቀምጠው።

የመጀመሪያውን ካሜራ የገዛን ጊዜ አንተ «እኛ ቤት የፈረንጅ ቀን አይገባም» ብለህ ዓመቱንም ወሩንም ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ሞላህለት። ደንበኛ እንዳይደናገር ብለህ ነው፤ እኔም ጎበዝ ብዬሃለሁ። ሁለተኛውን ካሜራ ስንጨምር ግን ማንም አልነካውም፤ በፈረንጅ ቀረ። ነገሩ የታወቀው የገሳዩን ሠርግ ፕሮግራሙ ውስጥ ስናስገባ ነው። በሁለት ካሜራ ያነሳነው አንድ ሠርግ ለሁለት ተከፈለ። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ አንድ ቦታ፣ ሙሽሪት ከሰባት ዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ተቀመጡ። እኔ ሳቅሁ። ውቢት አልሳቀችም።

ከዚያ አንተ የሞላኸው ካሜራ ያነሳውን ሁሉ መረጠች። ወር በወር እያሰላች ወደ ፈረንጁ ቀን ገፋችው። ፎቶው ተግተልትሎ ሄደ። 2011 ከሚለው ሥር የቀሩት ጥቂት ብቻ ነበሩ። ሁሉም እሷ ከድሮ ስልኳ የገለበጠቻቸው፣ በየፎልደሩ ተበትነው የኖሩ፣ ከሠርጋችሁ በፊት ኩዌት ስትሠራ የተነሱ ፎቶዎች ናቸው። መሀላቸው ያ ፎቶ አለ።

የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ። አንድ የባነር ዲዛይን ስትፈልግ ያገኘኸው፣ ውቢት ከዘንባባ ሥር ከአንድ ወንድ ጎን የቆመችበት። ቀኑ 2011፣ ስምንተኛ ወር ይላል። አንተ ሚያዝያ 2011 ብለህ አነበብከው፤ ከሠርጋችሁ ሦስት ወር በኋላ፣ አራስ እህቷን ልትጠብቅ ባሕር ዳር የሰነበተች ጊዜ። «ኩዌት ነው፤ የድሮ ነው» አለችህ። «ዘንባባው የባሕር ዳር ነው፤ ቀኑም ይናገራል» አልካት። ልጅህንም ማቀፍ ተውክ። ሳምንት ሳይሞላ ጓዝህን ሸክፈህ ሄድክ።

ልጄ፣ የስልኳ ቀን የፈረንጅ ነው። የእነሱ 2011፣ ስምንተኛ ወር የእኛ ነሐሴ 2003 ነው። ያን ጊዜ አንተ ውቢት የምትባል ሴት መኖሯንም አታውቅም። በዚህ ቤት ያለ ቀን ሁሉ የእኛ ነው ብለህ ተሳሳትክ፤ እንዲያ እንዲሆን ያደረግከው ደግሞ ራስህ ነህ።

ቀጥሎ ያለው ፎቶም ያው ጓሮ፣ ያው ዘንባባ ነው። ሰውየው አሁን ከሚስቱ ከዙለይካ ጎን ቆሟል። ስልኩን ይዛ የምታነሳቸው ውቢት ናት፤ ጥላዋ መሬቱ ላይ ይታያል። እሱ የዚያ ቤት አትክልተኛ፣ ዙለይካ ወጥ ሠሪ ነበሩ። የመጀመሪያውን ያነሳችው ዙለይካ ናት፤ ተራ በተራ ነው የተነሳሱት። እኛ ፎቶ አንሺዎች ይኼን ካላወቅን ማን ይወቀው?

እኔ ድሮም አልጠረጠርኳትም፤ አለመጠርጠሬ ግን አንተን ሊመልስልኝ አልቻለም። ስለዚህ ያን ጊዜውኑ ስልኬን አወጣሁ። ውቢት ከስክሪኑ ዞር ሳትል «አባባ፣ አይደውሉለት» አለችኝ። «ለምን?» ብላት «ቀኑን ያሳሳተው ካሜራ ነው። እኔ ግን በአፌ ነግሬው ነበር» አለች። ከዚያ የገሳዩን ሙሽራና ሙሽሪት ወደማገናኘቱ ተመለሰች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

እናትህ ስትሰማ አለቀሰች። ዓይኗን ጠርጋ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ የእኔ ልጅ መልቀሙን ይችልበት ይሆን?» አለችኝ። መልሱን ከአንተ እንድጠይቅላት አዝዛኛለች።

ሌላም ነገር አለ። አንድ የባሕር ዳር ማተሚያ ቤት ሥራዋን ሰምቶ ጠርቷታል። ያለውን ፎቶና ዲዛይን ሁሉ እሷ እንድታደራጅለት ነው። ከፋሲካ በኋላ ፍቅርአዲስን ይዛ ትሄዳለች። ቆዪ አላልኳትም። እንዲህ ያለ እጅ በእኛ ጠባብ ቤት ይታሰር ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ከሄደች በኋላ ብትመጣ ግን የምታገኘው በሚገባ የተደራጀ ኮምፒውተርና ሁለት ሽማግሌ ነው።

እሷ አይደውሉለት አለችኝ እንጂ አይጻፉለት አላለችኝም። ስለዚህ ቃሏን አላፈረስኩም። ከመጣህ ስለ ካሜራ እያወራህ እንዳትመጣ። ካሜራው ይቅርታ አይጠይቅም።

የመጨረሻዋን ልንገርህና ላብቃ። ፕሮግራሙ ፊቶችን ይሰበስብና በእንግሊዝኛ «ይህ ማነው?» እያለ ይጠይቃል። ውቢት ለየፊቱ ስም እየጻፈች የቻለችውን ሁሉ ጨርሳለች፤ የእኔን፣ የእናትህን፣ የዘነበችን እናት፣ ያንን አትክልተኛ ሳይቀር። አንድ የምታውቀው ፊት ብቻ ቀርቷታል። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር የአንተን ፊት ያመጣና ይህ ማነው ይላል። ፍቅርአዲስም ከእናቷ ጉልበት ላይ ሆና ትጠይቃለች። እናቷ «ቆይ፣ ይጻፍና ታነቢዋለሽ» ትላታለች፤ ልጅህ ፊደል ጨርሳለች። ትናንት ነገሩ ከበደኝና ልጽፈው እጄን ዘረጋሁ። ውቢት እጄን ያዘችኝ።

«ይተዉት፣ አባባ» አለችኝ። «እሱ መጥቶ ይጻፈው።»

ልጄ፣ ስምህ አጭር ነው፤ የሚረዝመው መንገዱ ነው። ፋሲካም ደርሷል። የደብረ ታቦሩ ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፤ እግርህን ከዕንቅፋት፣ ልብህን ከእልህ ይጠብቅልህ። እናትህ ለእንግዳ ያስቀመጠችው ጋቢ ታጥቦ ተጣጥፏል።

አባትህ
ዓለምነው